ሰይፉን ደጅ ያስቀረ ሻይ፦ የአንድ ቀን ጉዞ በኪዮቶ

ጃፓን ሲባል የብዙዎቻችን አእምሮ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ፍጥነት ነው። ቶዮታ፣ ሶኒ፣ እንደ ጥይት የሚወነጨፈው ባቡር። ይህ አመለካከት የእኛ ትውልድ ብቻ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 የልዑካን ቡድን እየመሩ ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘ መጽሐፍ አሳትመዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የዚያ ዘመን ምሁራኖቻችን ጃፓንን ሲያዩ ይጠይቁ የነበረው «እንዴት እንዲህ ፈጥና ሠለጠነች?» ብለው ነበር።

እኛ ደግሞ ሰሞኑን ተሰብስበን ተቃራኒውን ጠየቅን። ይህች የምትሮጥ አገር ቀስ የምትለው የት ላይ ነው?

መልሱ ሻይ ሆኖ ተገኘ። እናም ወረቀት አውጥተን የአንድ ቀን ጉዞ አቀድን። ትኬት አልቆረጥንም፤ ዕቅድ ግን ቀረጥ የለበትም። ሕጋችን አንድ ነው፦ መሯሯጥ የለም። ኪዮቶ ውስጥና ዙሪያዋን ከሺህ በላይ የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ስላሉ ሁሉንም ለማየት የሚነሳ ሰው አንዱንም ሳያይ ይመለሳል። ስለዚህ ሦስት ቦታ ብቻ መረጥን፤ ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ጠዋት አንድ፣ ቀትር ላይ አንድ፣ ከሰዓት አንድ።

ችግሩ የመጣው ታሪኩን ማገላበጥ ስንጀምር ነው። ሰላማዊ ቀን ልናቅድ ተቀምጠን ከሰላም በጣም የራቀ ታሪክ ላይ ወደቅን።

ጠዋት፦ ኡጂ

ከኪዮቶ ጣቢያ ወደ ደቡብ የሚሄደው ባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ኡጂ ያደርሳል። ኡጂ ወንዝ ዳር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት፤ ስሟ ከሻይ ጋር ተጣብቆ ከኖረ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ የምንሄደው ግን ወደ ብዮዶ-ኢን ቤተ መቅደስ ነው።

ፉጂዋራ ኖ ዮሪሚቺ የተባለው ኃያል መስፍን ከአባቱ የወረሰውን የመዝናኛ ቤት በ1052 ወደ ቤተ መቅደስ ለወጠው። በዓመቱ የፊኒክስ አዳራሽ የሚባለው ሕንጻ ተሠራ። ለምን በ1052? የዘመኑ ጃፓናውያን በዚያ ዓመት የቡድሃ ትምህርት የሚጠወልግበት የመጨረሻው ዘመን ይገባል ብለው ያምኑ ስለነበር ነው። ኩሬ ላይ ጥላውን ጥሎ የቆመው ያ ውብ አዳራሽ የገነት አምሳል ነው፤ ዓለም እየከፋች ነው ብለው የፈሩ ሰዎች የሠሩት አምሳል። በ1336 ጦርነት የግቢውን ሌሎች ሕንጻዎች አብዛኞቹን ሲያቃጥል አዳራሹ ተረፈ። ዛሬ በጃፓን የ10 የን ሳንቲም ላይ የሚታየው እሱ ነው።

ከዚያ ቀስ ብለን ወደ ኡጂ ድልድይ እንወርዳለን። ድልድዩ አጠገብ ጹኤን የሚባል ሻይ ቤት አለ፤ በራሱ ትውፊት የተመሠረተው በ1160 ነው። እዚያ ወይም ከአጠገቡ ካሉት በአንዱ ተቀምጠን ማቻ እናዛለን። ማቻ ዛሬ የአዲስ አበባ ካፌዎችም በወተት እየበጠበጡ የሚሸጡት አረንጓዴ ዱቄት ነው። አሠራሩ ግን የትዕግሥት ፈተና ነው። ቅጠሉ ከመለቀሙ በፊት ለሦስት ሳምንት ያህል ማሳው ይሸፈናል፤ በጥንቱ ዘዴ በሸምበቆና በገለባ። ፀሐይ ያጣው ቅጠል ይጠቁራል፣ ምሬቱ ይቀንሳል፣ ጣዕሙ ይወፍራል። ተለቅሞ በእንፋሎት ይታጠናል፣ ይደርቃል፣ አውታሩ ይወጣል፣ ከዚያ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል። አንድ ወፍጮ በሰዓት የሚያወጣው 40 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ቶሎ ይዙር ከተባለ ድንጋዩ ይግልና መዓዛው ይጠፋል። ለአንድ ሲኒ ሁለት ግራም ያህል ይበቃል፤ ሲጠጣ ቅጠሉ ተጠልሎ አይጣልም፣ ራሱ ነው የሚጠጣው።

ቀትር፦ ኬኒን-ጂ

ከኡጂ በባቡር ተመልሰን ጊዮን በተባለው ሰፈር እንወርዳለን። በጨዋታ ቤቶቹና በእንጨት ቤቶቹ በሚታወቀው በዚህ ሰፈር መሐል የኬኒን-ጂ ገዳም አለ።

ሻይ ጃፓን የገባው ከቻይና ነው። በ815 ኤይቹ የተባለ መነኩሴ ለንጉሠ ነገሥት ሳጋ ሻይ አፍልቶ እንዳቀረበ የቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል ይመሰክራል። ነገር ግን ልማዱ ሥር ሳይሰድ ደበዘዘ። እንደገና ያስነሳው ኤይሳይ ነው። ኤይሳይ ለሁለተኛ ጊዜ ቻይና ሄዶ በ1191 ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፦ የዜን ትምህርትና የሻይ ዘር። በ1202 ኬኒን-ጂን መሠረተ፤ በ1211 ደግሞ ሻይ ለጤና ያለውን ጥቅም የሚያስረዳ መጽሐፍ ጻፈ። በ1214 ወጣቱ ሾጉን ሳኔቶሞ መጠጥ አብዝቶ አድሮ በማግስቱ ሲታመም ኤይሳይ ሻይ አቀረበለት፤ መጽሐፉንም አብሮ ላከለት። በጃፓን ታሪክ ሻይና ሥልጣን በደንብ የተዋወቁት እንግዲህ በዚህ ጠዋት ነው ማለት ይቻላል።

መነኮሳቱ ሻይ የሚጠጡት በረጅሙ ተመስጦ መሐል እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ነበር። ይህ ለእኛ እንግዳ ወሬ አይደለም። ከእኛ ምድር የተነሳው ቡና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመን ውስጥ ስሙ ሲነሳ፣ ጠጪዎቹ ለሌሊት ጸሎት የሚነቁ ሱፊዎች ነበሩ። ሁለቱም መጠጦች ለመንቃት የገቡና ከዚያ የሰው መሰብሰቢያ ሆነው የቀሩ ናቸው።

የሻይ መንገድ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። ኤይሳይ ለምዮኤ የሰጠው ዘር ከኪዮቶ በስተሰሜን ምዕራብ ባለው በቶጋኖ ተራራ በቀለ፤ የዚያ ሻይ «እውነተኛው ሻይ» ተብሎ ዝናው ናኘ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ባላባቶች እየተሰበሰቡ «የትኛው የቶጋኖ ነው፣ የትኛው የሌላ ቦታ?» እያሉ ቀምሰው ይወራረዱ ጀመር። ውርርዱ እየከፋ ሄዶ በ1336 የወጣው የአዲሱ ሾጉናዊ መንግሥት ደንብ የሻይ ቁማርን እስከ መኮነን ደረሰ። ከጸሎት ወደ ቁማር!

ኬኒን-ጂ ውስጥ ብዙ አንቸኩልም። በረንዳው ላይ ተቀምጦ የአሸዋና የድንጋይ አትክልት ቦታውን ማየት፣ ከዚያ ቀና ብሎ ጣሪያው ላይ የተሳሉትን ሁለት ዘንዶዎች ማየት ይበቃል። ዘንዶዎቹ ገዳሙ 800 ዓመት ሲሞላው፣ በ2002 የተሳሉ ናቸው። ጉዞው ሚያዝያ ውስጥ ከሆነና ኤፕሪል 20 ላይ ከተገጣጠመ ደግሞ ለኤይሳይ መታሰቢያ መነኮሳቱ ቆመው ለተቀመጡ እንግዶች ሻይ የሚመቱበት ጥንታዊ ሥርዓት ይካሄዳል።

ከሰዓት፦ ዳይቶኩ-ጂ

የከተማ አውቶቡስ ይዘን ወደ ሰሜን እንወጣለን። ዳይቶኩ-ጂ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተመሠረተ፣ በውስጡ ብዙ ትናንሽ ገዳማት ያሉት ሰፊ ግቢ ነው። ቀኑን በሙሉ ስንቀርበው የቆየነው ታሪክ የሚፈነዳው እዚህ ነው።

ከ1467 እስከ 1477 የዘለቀው የኦኒን ጦርነት ኪዮቶን አመድ አደረጋት፤ ዳይቶኩ-ጂም አብሮ ነደደ። ቀጥሎ የመጣው መቶ ዓመት ጃፓናውያን ራሳቸው «የተፋላሚ ግዛቶች ዘመን» ይሉታል። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው ጸጥተኛው የሻይ ሥርዓት ቅርጽ የያዘው በዚህ ዘመን ነው። ሙራታ ጁኮ ጀመረው፣ ታኬኖ ጆኦ አሳደገው፣ ሴን ኖ ሪኪዩ ከፍጻሜ አደረሰው። በትልቅ አዳራሽ፣ በቻይና ውድ ዕቃ፣ በሁካታ ይጠጣ የነበረውን ሻይ ወደ ጠባብ ጎጆ፣ ወደ ሻካራ ሸክላ፣ ወደ ዝምታ አወረዱት።

ሪኪዩ የሳካይ ወደብ ነጋዴ ልጅ ነው፤ በ1522 ተወለደ። የእሱ እንደሆነ የሚታመንና እስካሁን የቆመ አንድ የሻይ ክፍል አለ፤ ታይ-አን ይባላል፣ በኪዮቶና በኦሳካ መካከል ያማዛኪ ላይ ይገኛል። ለመግባት አስቀድሞ ማስፈቀድ ስለሚጠይቅ ከዕቅዳችን አውጥተነዋል። ስፋቱ ሁለት የታታሚ ምንጣፍ ነው፤ አራት ካሬ ሜትር አይሞላም። በሩ ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይደርስም። ማንም ይሁን ማን፣ የሚገባው በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው። ሳሙራዩም ሰይፉን ደጅ ላይ ሰቅሎ ይገባል። የሻይ ክፍል ሥርዓቱ ይህ ነው።

ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን እነማን ነበሩ? ሪኪዩ በመጀመሪያ የኦዳ ኖቡናጋ፣ ቀጥሎ የቶዮቶሚ ሂዴዮሺ የሻይ መምህር ነበር። ኖቡናጋ ስመ ጥር የሻይ ዕቃዎችን ይሰበስብ፣ ለጦር አዛዦቹም እንደ ጉልት ይሸልም ነበር። በ1582 የገዛ አዛዡ ከድቶት ኪዮቶ ውስጥ በሆኖ-ጂ ቤተ መቅደስ ሲሞት፣ በዋዜማው እዚያው ዕቃዎቹን ለእንግዶች ሲያሳይ ውሎ ነበር። ከተራ ቤተሰብ ተነስቶ አገሩን ጠቅልሎ የገዛው ሂዴዮሺ ደግሞ በ1586 ግድግዳው በወርቅ የተለበጠ ተንቀሳቃሽ የሻይ ክፍል ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢ አስገብቶ ሻይ አቀረበ። በ1587 በኪታኖ ግዙፍ የሻይ ግብዣ አወጀ፤ ገበሬም ይምጣ፣ ነጋዴም ይምጣ፣ ማንቆርቆሪያና ሲኒ ያለው ይዞ ይምጣ ተባለ። አሥር ቀን ሊቆይ የታሰበው ግብዣ በአንድ ቀን ተቋረጠ።

አሁን ዳይቶኩ-ጂ ውስጥ ካለው ቀይ ባለ ፎቅ በር ፊት ቆመናል። የላይኛውን ፎቅ በ1589 በገንዘቡ ያሠራው ሪኪዩ ነው። ገዳሙም ለውለታው የሪኪዩን የእንጨት ምስል ሠርቶ ፎቁ ላይ አቆመ። ይህ በሂዴዮሺ ዘንድ ወንጀል ሆነ፤ በበሩ የሚያልፈው ገዥ በሻይ መምህሩ እግር ሥር ሊያልፍ ነው ተባለ። እውነተኛው ምክንያት ይህ ብቻ ስለመሆኑ የታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን ይከራከራሉ። መጨረሻው ግን አያከራክርም። በ1591 ምስሉ ወርዶ ኪዮቶ ውስጥ በአንድ ድልድይ አጠገብ ተሰቀለ፤ ወደ 70 ዓመት የተጠጋው ሪኪዩ ራሱን በሰይፍ እንዲገድል ታዘዘ፣ ትእዛዙንም ፈጸመ።

በዓመቱ፣ በ1592፣ ሂዴዮሺ ኮሪያን ወረረ። ሠራዊቱ ኮሪያውያን ሸክላ ሠሪዎችን እየማረከ ወደ ጃፓን አመጣ፤ ብዙዎቹ የጃፓን ዕውቅ የሸክላ ሥራዎች የተወለዱት ከእነዚህ ምርኮኞች እጅ ነው። የሟቾች አፍንጫ ደግሞ እየተቆረጠ በጨው ታሽቶ መጣና በ1597 ኪዮቶ ውስጥ ተቀበረ። ጉብታው ዛሬም አለ። የምንጠጣበት ሲኒ ውበትና ያ ጉብታ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው።

እኛ ያልተስማማንበት

ዕቅዱ እዚህ ላይ ሲደርስ ጠረጴዛችን ለሁለት ተከፈለ።

ግማሾቻችን እንዲህ አልን፦ ይህ ሁሉ ጸጥታ የኃያላን መጫወቻ ነበር። ትንሿ በር ሂዴዮሺን አንድ ሰዓት አጎነበሰችው እንጂ አልለወጠችውም። ውስጥ እኩል፣ ውጭ ግን አንዱ አዛዥ፣ ሌላው ሟች። ሰይፉ ደጅ ላይ ተሰቀለ እንጂ አልተሰበረም፤ ሲወጣ ጠበቀው።

ግማሾቻችን ደግሞ፦ በዚያ ዘመን ጃፓን ውስጥ ሂዴዮሺ በጉልበቱ የሚገባበት ሌላ ስፍራ የት ነበር? አገር ሁሉ በእጁ ሲሆን ሁለት ምንጣፍ የምታህል መሬት «እዚህ ሰይፍ አይገባም» ብላ ቆመች። ከንቱ ብትሆን ኖሮ ባለቤቷን ማስገደል ባላስፈለገ።

ክርክሩ አላለቀም። አንድ ነገር ላይ ግን ተስማማን። የሻይ ጸጥታ ሰላም ያመጣው ምቾት አይደለም፤ ሰላም ያጡ ሰዎች በእጃቸው የሠሩት ነው። ገዥው አለፈ፤ የሂዴዮሺ ቤት በ1615 ኦሳካ ላይ ወድሞ ጠፋ። የሪኪዩ ልጅ ልጅ ሶታን ከገዥዎች ቅጥር ርቆ በድህነት ኖረ፤ ከልጆቹ የወጡት ሦስቱ የሴን ቤቶች ዛሬም ኪዮቶ ውስጥ ሻይ ያስተምራሉ።

ስለዚህ የቀናችን መዝጊያ ይኸው ነው። ከቀዩ በር ራቅ ብለን፣ ሻይ ለጎብኚ ከሚያቀርቡት ትናንሽ ገዳማት በአንዱ በረንዳ ላይ እንቀመጣለን። ሲኒው ይመጣል፤ በሁለት እጅ ይያዛል፣ ጥቂት ዞር ይደረጋል፣ ይጠጣል። ስልካችን ቦርሳ ውስጥ ነው። ማንም አያወራም። ክርክሩን ከወጣን በኋላ እንቀጥላለን።

ትኬቱን የሚቆርጥልን ካለ ዕቅዱ ዝግጁ ነው። እስከዚያው ቡናችንን እያፈላን እንጠብቃለን።

ቸር እንሰንብት።