የርካሹ ሳሕን ሂሳብ

የሂሳብ ሰው ምግብ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ ከሌላው ተመጋቢ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ የምግቡን ዝርዝር የሚያነበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። አስቀድሞ ዋጋውን ያያል፤ ቀጥሎም ያ ዋጋ ከምንና ከምን እንደ ተገነባ በልቡ ያሰላል፤ የምግቡን ስም የሚያነበው በመጨረሻ ነው። የዚህ መጽሔት አንባቢዎች የሙያ ወንድሞቼና እኅቶቼ እንደ መሆናችሁ መጠን፣ ይህን በመናገሬ አትታዘቡኝም ብዬ አምናለሁ።

በ1980ዎቹ ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዋሽንግተን ከተማ ተማሪ ሳለሁ፣ ከምኖርበት ቤት ማዶ በመንገዱ ማዕዘን ላይ አንዲት ጠባብ የቻይና ምግብ ቤት ነበረች። ሦስት ጠረጴዛዎች ብቻ ነበሯት። ገንዘብ የሚቀበሉትና ምግብ የሚያበስሉት ሰዎች ጥይት ከማይበሳው ወፍራም መስተዋት በስተኋላ ነበሩ፤ ምግቡም በሚሽከረከር ትንሽ መስኮት በኩል ይሰጥ ነበር። ከመስተዋቱ በላይ ቀለማቸው የለቀቀ የምግብ ፎቶግራፎች ተደርድረው፣ በእያንዳንዱ ሥር ቁጥር ተጽፏል። ሰው የሚያዘው በቁጥር እንጂ በስም አልነበረም። በዐቢይ ጾም እኛ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የዘወትር ደንበኞቿ ነበርን። ሩዝ በአትክልትና ከአኩሪ አተር በሚረጋው ቶፉ አድርገን፣ እንቁላል እንዳይገባበት አደራ እንል ነበር። ባለቤቲቱም ከጊዜ ብዛት ነገራችንን ዐውቃ፣ ገና ከበሩ ስንገባ እንቁላል እንደማይገባ በእጇ ምልክት ትሰጠን ጀመር። ምክንያቱን ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቃን አታውቅም።

አንዱ ሳሕን ለሁለት ሰው የሚበቃ ሲሆን ዋጋው ከአንድ ሳንድዊች እምብዛም አይበልጥም። ያን ጊዜ ይህ እንዴት እንደሚሆን ብዙ አሰላስዬ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ የቻይናውያንን የስደት ታሪክ ሳነብ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ከማድ ቤቱ የሚነሣ ነው። ሥጋው በስሱ ስለሚከተፍ ጥቂቱ ብዙ መስሎ ይታያል፤ የቀረውን ሳሕን ጎመን፣ ሽንኩርት፣ በቆልትና ሩዝ ይሞላዋል። ጎድጓዳው መጥበሻ በኀይለኛ እሳት ላይ ተጥዶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ምግቡን ያደርሰዋልና ማገዶም ጊዜም ይቆጥባል። ልፋቱ ያለው ከእሳቱ በፊት፣ በመላጡና በመክተፉ ነው። እንዲያ ከተዘጋጀ በኋላ አንድ ወጥ ቤት ለብቻው ሁለትና ሦስት መጥበሻ እያፈራረቀ ቤት ሙሉ ሰው ያበላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የሂሳብ ሰው የሩዝና የጎመን ዋጋ ብቻ አይቶ መዝገብ አይዘጋም። ያ ሁሉ ሽንኩርት የሚላጥበት ሰዓት የማን ነው? ማንስ ይከፍልበታል?

በጥር ወር 1848 በካሊፎርኒያ ወርቅ ተገኘ የሚለው ወሬ ባሕር ተሻግሮ በደቡብ ቻይና ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ደረሰ። ከዚያም የተነሡት ስደተኞች አብዛኞቹ ከጥቂት ተጎራባች ወረዳዎች፣ ይልቁንም ታይሻን ከምትባለው የወጡ ገበሬዎች ነበሩ። ሳን ፍራንሲስኮ በዚያን ጊዜ ከየአገሩ የጎረፈ፣ ሚስትም እናትም አብራው ያልመጣች፣ ምግብ ማብሰል የማያውቅ ወንድ የሞላባት ከተማ ነበረች። ስለዚህ ከ1849 ጀምሮ የቻይና ምግብ ቤቶች ተከፈቱ። በቢጫ የሐር ባንዲራ ይታወቁ ነበር፤ በዘመኑ የነበሩ መንገደኞችም ሰው በአንድ ዶላር እስኪጠግብ ይበላባቸው እንደ ነበር ጽፈዋል። ወርቅ በሚታፈስባት፣ እንቁላል እንኳ በውድ በሚሸጥባት ከተማ ይህ እጅግ ርካሽ ነበር። እንግዲህ የቻይና ምግብ ቤት በአሜሪካን አገር የርካሽነት ስም ያተረፈው ገና በተወለደ በዓመቱ ነው ማለት ይቻላል።

ከ1865 እስከ 1869 ሴንትራል ፓሲፊክ የተባለው ኩባንያ የባቡር ሐዲዱን በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ሰንጥቆ ሲያሳልፍ፣ ከዐሥር ሺሕ በላይ ቻይናውያን ድንጋዩን በመዶሻና በባሩድ ፈልፍለዋል። እዚህ ላይ ለሙያችን የሚቀርብ አንድ ነገር አለ። ኩባንያው ለነጩ ሠራተኛ ከደመወዙ ሌላ ቀለብና መኝታ ሲሰጠው፣ ቻይናዊው ግን ከዚያ ባነሰ ደመወዝ ቀለቡን ራሱ ይገዛ ነበር። ስለዚህም እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ወጥ ቤት ቀጥሮ ሩዝ፣ የደረቀ ዓሣና የደረቀ አትክልት ያስቀቅል፣ ሻይም ያስፈላ ነበር። የፈላ ውሃ መጠጣታቸው ከወንዝ በሚቀዳው ውሃ ከሚመጣው በሽታ ጠብቋቸዋል። ኩባንያው ከዚህ ያተረፈው ትርፍ በወጪ መዝገብ ላይ አይታይም፤ ያልተከፈለ ገንዘብ ነውና።

ሐዲዱ ተገጣጥሞ በ1873 የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ሥራ ያጣው ሕዝብ ቁጣውን በቻይናውያን ላይ መለሰ። ግንቦት 6 ቀን 1882 የወጣው ሕግ ቻይናውያን የጉልበት ሠራተኞች ለዐሥር ዓመት ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያ የሚኖሩትንም የዜግነት መብት ነሣቸው። በ1892 ታደሰ፤ በኋላም ያለ ጊዜ ገደብ ጸና። በ1885 ሮክ ስፕሪንግስ በተባለ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ከተማ 28 ቻይናውያን ተገደሉ። ሕጉ በ1902 ለክርክር ሲቀርብ፣ የአሜሪካ ሠራተኞች ፌዴሬሽንና ፕሬዚዳንቱ ሳሙኤል ጎምፐርስ የተሟገቱበት ጽሑፍ አርእስቱ «ሥጋ ወይስ ሩዝ» የሚል ነበር። የሙግቱም ፍሬ ነገር፣ ሩዝ እየበላ በትንሽ ደመወዝ የሚኖር ሰው ሥጋ የሚበላውን ነጭ ከሥራው ያፈናቅለዋል የሚል ነው። ሰውዬው ርካሽ የሆነው ተከልክሎ ሳለ በርካሽነቱ ተከሰሰ።

የሕጉ ውጤት በሕዝብ ቆጠራው ላይ ይነበባል። በ1890 ከ107 ሺሕ በላይ የነበሩት ቻይናውያን በ1920 ወደ 61 ሺሕ ግድም ወርደዋል። በ1890 ለአንዲት ቻይናዊት 27 ያህል ወንዶች ነበሩ። ይህ ማለት አብዛኛው ሰው ሚስቱንና ልጁን በታይሻን ትቶ፣ ደብዳቤና ገንዘብ እየላከ፣ በባዕድ አገር የሸመገለ ማለት ነው። ከማዕድኑና ከፋብሪካው የተባረረው ቻይናዊ ነጭ ወንድ ወደማይሻማበት ሥራ፣ ማለት ወደ ልብስ አጠባና ወደ ማድ ቤት ገባ። ሁለቱም እነዚያ ያላመጣቸው ሚስቶች ይሠሩት የነበረ ሥራ መሆኑ ሳያሳዝን አይቀርም።

በዚህ ጊዜ ነው ቾፕ ሱይ የተባለው ምግብ ስሙ የገነነው። የቻይና ታላቅ ሹም ሊ ሁንግ ቻንግ በ1896 ኒውዮርክን ሲጎበኝ ወጥ ቤቱ ፈጠረው የሚል ተረት አለ፤ ዛሬም ድረስ ይነገራል። ነገር ግን ዎንግ ቺን ፉ የተባለው ቻይናዊ ጋዜጠኛ ከዚያ ስምንት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1888፣ ስለ ምግቡ ጽፏል። ስሙ በታይሻን ንግግር የልዩ ልዩ ነገር ቅልቅል እንደ ማለት ነው፤ በጥንቱ አሠራር የዶሮ ጉበትና የሆድ ዕቃ ይገባበት ስለ ነበር፣ እኛ ከዱለት ጋር ዝምድና አለው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ለአሜሪካዊው አፍ እንዲመች የሆድ ዕቃው ወጥቶ ሥጋና በቆልት ተተካበት፤ በየከተማውም ተስፋፋ።

አሁን ከሁሉ ወደሚደንቀው ነገር ደረስኩ። የ1882ቱ ሕግ የጉልበት ሠራተኛን ሲከለክል ነጋዴን አልከለከለም ነበር፤ ነጋዴ ወደ አገሩ ሄዶ መመለስም፣ ሚስቱንና ልጆቹን ማምጣትም ይችል ነበር። የምግብ ቤት ባለቤት ግን እንደ ጉልበት ሠራተኛ እንጂ እንደ ነጋዴ አይቆጠርም ነበር። በ1915 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት የምግብ ቤት ባለቤትም ነጋዴ ሊባል እንደሚችል ወሰነ። የኢሚግሬሽን ሹማምንት ይህን በጠባቡ ተረጎሙት። ሰውየው በደኅና ምግብ ቤት ውስጥ ዋና ባለአክሲዮን መሆን፣ አንድ ዓመት ሙሉ በሥራ አስኪያጅነት መቆየት፣ በዚያም ዓመት ምግብ አለማብሰል፣ ሳሕን አለማጠብ፣ አለማስተናገድ ነበረበት። ለዚህም ቻይናዊ ያልሆኑ ሁለት ምስክሮች ማቅረብ ግዴታው ነበር።

ቻይናውያኑ ይህን አንቀጽ እንደ ጥሩ ጠበቃ አነበቡት። አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ካፒታል ብዙ ዘመዳሞች በሽርክና አዋጡ። ገንዘቡንም በከፊል ያገኙት ከእኛ ዕቁብ ጋር ፍጹም በሚመሳሰልና ኹዪ በሚባል ማኅበር፣ በየተራ ጠቅላላውን መዋጮ እያነሡ ነበር። ከዚያም ሥራ አስኪያጅነቱን በተራ ያዙት። አንዱ ባለአክሲዮን ዓመቱን በሥራ አስኪያጅ ወንበር ጨርሶ የነጋዴነት ወረቀቱን ሲያገኝ፣ ሌላው ወንበሩን ይረከበዋል፤ የመጀመሪያው ወደ ታይሻን ተሻግሮ ቤተሰቡን ያመጣል። በኒውዮርክ ከ1910 እስከ 1920 ባሉት ዐሥር ዓመታት የቻይና ምግብ ቤቶች ቁጥር አራት እጥፍ ሆነ። ለዚህ ምክንያቱ የአሜሪካዊው ምግብ መውደድ ብቻ አልነበረም። ቻይናውያንን ለማጥፋት የወጣ ሕግ የቻይናን ምግብ ቤት አበዛው።

የዋጋው ምሥጢርም በእኔ ግምት ከዚህ ላይ ነው። ተራ ነጋዴ ምግብ ቤት የሚከፍተው ገንዘብ ለማትረፍ ነው፤ ትርፉ ካነሰም ዋጋ ይጨምራል ወይም ይዘጋል። እነዚህ ሰዎች ግን ከምግብ ቤቱ የሚፈልጉት ትልቁ ትርፍ ሚስትና ልጅ ነበር። ይህን የሚያገኙት ቤቱ ሳይዘጋ ሲቆይ ነውና፣ ደንበኛ እንዳይሸሽ ዋጋው ዝቅ ብሎ ይኖራል፤ ልዩነቱንም የራሳቸው ጉልበት ይሸፍነዋል። ወረቀት የሌለው የአጎት ልጅ በበኩሉ ሌላ የሚቀጥረው ስለሌለ የተሰጠውን ደመወዝ ይቀበላል። በ1906 በሳን ፍራንሲስኮ የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ የልደት መዝገቦች ከነደዱ በኋላ፣ ብዙዎች በሌላ ሰው ልጅነት ስም «የወረቀት ልጅ» ሆነው ገብተዋል። ከ1910 እስከ 1940 በኤንጀል ደሴት መርማሪዎቹ የቤታችሁ ደረጃ ስንት ነው፣ የሩዙ ጎታ የቱ ጋ ነው እያሉ የጠየቋቸው እነዚህን ነው። ከመርማሪው ያመለጠው ልጅ ከዚያ ወጥቶ የሚሄደው ወደ ዘመዱ ምግብ ቤት ነበር፤ የመጓጓዣ ዕዳውንም ሽንኩርት እየላጠ ይከፍላል።

ተቃዋሚዎችም አልተኙም ነበር። በብዙ ከተሞች የሠራተኛ ማኅበራት አባሎቻቸው በቻይናውያን ዘንድ እንዳይመገቡ አወጁ። በማሳቹሴትስ ወጣት ሴቶች የቻይና ምግብ ቤት እንዳይገቡ የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ቀርቦ፣ የግዛቲቱ ከፍተኛ ዳኞች ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ መሆኑን ገለጹ። ተመጋቢው ግን መግባቱን አልተወም፤ ዋጋው ይስበው ነበርና።

ሕጉ የተሻረው ቻይና በጦርነቱ የአሜሪካ ጓድ በሆነችበት ጊዜ፣ በታኅሣሥ 1943 ነው። ሆኖም ለቻይናውያን የተፈቀደው ኮታ በዓመት 105 ሰው ብቻ ነበር። በሩ በእውነት የተከፈተው በ1965 ሕግ ነው። ከዚያ በኋላ ከታይዋንና ከሆንግ ኮንግ የመጡት አዳዲስ ምግብ አመጡ፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ርካሹን የሰፈር ምግብ ቤት የያዙት በአብዛኛው ከፉጂያን ክፍለ ሀገር የመጡት ናቸው። የእነርሱም ሂሳብ ከታይሻኖቹ ሂሳብ ብዙ አይለይም። ሰኔ 6 ቀን 1993 ጎልደን ቬንቸር የተባለችው መርከብ 286 ስደተኞች ጭና ከኒውዮርክ ዳርቻ አሸዋ ላይ ስትቀመጥ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ተሳፋሪዎቹ እያንዳንዳቸው ለአሻጋሪዎች ወደ 30 ሺሕ ዶላር ግድም ለመክፈል የተስማሙ ነበሩ። ዕዳው የሚከፈለው በማድ ቤት ነበር። በኒውዮርክ ኢስት ብሮድዌይ የነበሩ የሥራ አገናኞች ሰውን በአውቶቡስ ወደ የአገሩ ይልኩታል፤ ሠራተኛውም የሚሄድበትን ከተማ ስሙን ማንበብ ስለማይችል በስልክ መለያ ቁጥሩ ያውቀው ነበር።

በዋሽንግተን ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተከፈቱትን የእኛን ምግብ ቤቶች ጓዳ ያየ ሰውም ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም፤ በዚያም እህትና የአክስት ልጅ ያለ ደመወዝ እንጀራ ሲጋግሩ ዐይቻለሁ።

ትምህርቴን ልጨርስ ስቃረብ፣ ያቺ የማዕዘኗ ምግብ ቤት ሰው ባልነበረበት አንድ ማታ ባለቤቱን ደፍሬ ጠየቅሁት። በሳሕኑ ዋጋ ውስጥ የራሱን ደመወዝ ስንት ብሎ እንደሚያስብ እንዲነግረኝ ነበር። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሣቀና ለእርሱ የሚታሰብ ነገር እንደሌለ ነገረኝ። ለሚስትህስ አልኩት፤ ለእርሷም የለም አለ። ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ደብተሯን ዘርግታ በአንድ እጇ ስልክ እየመለሰች ትእዛዝ የምትጽፈውን፣ ዐሥራ አንድ ዓመት የሚሆናትን ልጁን አሳየሁት። እርሷማ የትምህርት ቤት ሥራዋን እየሠራች ነው አለኝ። ከዚያም ቁጥሬን ጠርቶ ከረጢቱን በመስኮቱ አዙሮ ሰጠኝ።