የዝናብና የበረዶ ክምችት ስሌት በኢትዮጵያ

የዝናብና የበረዶ ክምችት ስሌት፣ ከሰማይ የሚወርደው ውኃ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ መቼና የት እንደሚወርድ፣ ከወረደም በኋላ በምድር ላይ በምን መልክ እንደሚቆይ፣ በመለኪያ ከተገኘ መዝገብና ከተፈጥሮ ሕግጋት ተነሥቶ በሒሳብ የሚመረምር የአየር ጠባይ ጥናት ክፍል ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል በብርድ ወራት የወረደው በረዶ በተራራ ላይ ተከምሮ ከርሞ፣ ሙቀት ሲመጣ እየቀለጠ ወንዞችን ስለሚመግብ፣ በዚያ ያለ ሊቅ የሚወርደውንም የተቀመጠውንም መመዘን አለበት። በኢትዮጵያ ግን ዝናብ የቀረበትን ዓመት የሚክስ የተራራ በረዶ ስለሌለ፣ የስሌቱ ሸክም ሁሉ በዝናቡ ላይ ያርፋል።

የአገራችን ተራሮች ስም ከዚህ ምርምር ጋር የተያያዘው እጅግ ጥንት ነው። ሌሎች ወንዞች በሚጎድሉበት በሰሜኑ አገሮች የበጋ ሐሩር የዓባይ ውኃ ስለ ምን በግብፅ እንደሚሞላ የግሪክ ፈላስፎች ሲከራከሩ፣ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው አናክሳጎራስ ምክንያቱ በኢትዮጵያ የሚቀልጠው በረዶ ነው ብሎ አስተማረ፤ ታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስም በሁለተኛው መጽሐፉ፣ ከሞቃት አገር ወደ ቀዝቃዛ አገር የሚፈስ ወንዝ እንዴት ከበረዶ ሊመነጭ ይችላል ሲል ይህን ትምህርት ነቀፈ። ከእነርሱ በኋላ፣ በ2ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የኖረው የክኒዶሱ አጋታርኪዴስ የሙላቱ ምንጭ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የሚጥለው ዝናብ መሆኑን በትክክል ተናገረ። በካይሮ አጠገብ በሮዳ ደሴት እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራው የዓባይ መለኪያ ዓምድ፣ የገበሬው ግብር የሚገመትበት ይሁን እንጂ፣ በነገሩ ባሕርይ ሲታይ በየዓመቱ የሚመዘግበው የኛን ክረምት ነበር።

አናክሳጎራስ ተሳሳተ እንጂ ያለ ነገር አልተናገረም። መነኩሴው ኮስማስ ኢንዲኮፕለስተስ በ6ኛው መቶ ዓመት በአዱሊስ ገልብጦ ያቆየልን የግሪክ ጽሕፈት፣ አንድ ንጉሥ በስሜን ተራሮች የሚኖሩትን ሕዝቦች በበረዶና በብርድ መካከል ዘምቶ እንደ ወጋ ይተርካል፤ መጽሐፈ ሄኖክም ስለ በረድና ስለ አመዳይ መናፍስት ይናገራል። በጥንተ ዘመን በስሜንና በባሌ ከፍታዎች ላይ የበረዶ ግግር ተኝቶ እንደ ነበር፣ ግግሩ እየገፋ ያከማቸው የድንጋይና የአፈር ካብ እስከ ዛሬ ይመሰክራል። ዛሬ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በራስ ደጀን ላይ በረዶ አልፎ አልፎ ቢወርድም፣ ፀሐይ ስትበረታ ይቀልጣል እንጂ ተከማችቶ የሚከርም አይደለም።

የበረዶን ክምችት የመመዘን ጥበብ የዳበረው በአሜሪካ ምዕራባዊ ተራሮች ነው። በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ ቋንቋዎች መምህር የነበሩት ጄምስ ቸርች፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሮዝ ተራራ ላይ ባዶ ቱቦ በበረዶው ውስጥ እየሰደዱ፣ በቱቦው የተቀዳውንም እየመዘኑ፣ ሲቀልጥ ስንት ውኃ እንደሚወጣው አስቀድሞ ማወቅ እንደሚቻል አሳዩ። ስለዚህ በዚያ አገር በመጋቢት ተራራውን የለካ ሰው የሐምሌን ወንዝ በብዙ ርግጠኝነት ይናገራል፤ ውኃው ወርዶ ተቀምጦለታልና። የኢትዮጵያ ሊቅ ግን በመጋቢት ሊናገር የሚገደደው ገና ከባሕር ስላልተነሣ ደመና ነው።

የበረዶን ቦታ በእኛ ዘንድ የሚይዘው በመጠኑም ቢሆን መሬቱ ራሱ ነው። ጥቁሩ የዋልካ አፈር በክረምት የጠጣውን ውኃ ይዞ ስለሚቆይ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ የተዘራው ሽምብራና ጓያ በዚያ እርጥበት አድጎ ይታጨዳል፤ የጣና ሐይቅ የዓባይን ውኃ በበጋ ያቆያል፤ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በአቃቂ ሜዳ ያሉት ጥልቅ ጉድጓዶችም ብዙ ዘመን በምድር ውስጥ የሰረገውን ዝናብ ለከተማው ያጠጣሉ። እነዚህ ጎተራዎች ግን የሚሞሉት ዝናቡ በጊዜው ሲጥል ብቻ ነውና፣ ነገሩ ተመልሶ ወደ ክረምት ይመጣል።

የአየር ጠባይ ባለሙያዎች የኢትዮጵያን ዓመት በጋ፣ በልግና ክረምት ብለው በሦስት ሲከፍሉ፣ ክረምት የሚሉት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ነው። ቤተ ክርስቲያንም ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ወስና፣ መጀመሪያውን በዘርዕና በደመና፣ ቀጣዩን በመብረቅና በነጎድጓድ፣ በባሕርና በአፍላግ እየሰየመች ለየክፍሉ ምንባብና ዝማሬ መድባለች፤ ይህ ሥርዓት ከብዙ ትውልድ ትዝብት የተገኘ መሆኑን መካድ አይቻልም። በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ከዓመቱ ዝናብ ከ65 እስከ 95 በመቶ የሚሆነው የሚወርደው በዚሁ ክረምት ነው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል የዝናብ መቀነቱ ተከትሏት ይወጣል፤ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከአትላንቲክና ከኮንጎ ደኖች የተነሣው እርጥብ ነፋስ ከደጋው ጋር ተጋጭቶ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ደመናም ይሆናል፤ ከፍ ብሎ ደግሞ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሮጠው ብርቱ ነፋስ የዝናቡን ብርታት ያግዛል።

ይህን ሁሉ ከሩቅ የሚያውከው የሰላማዊ ውቅያኖስ ሙቀት ነው። በሕንድ አገር የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት ጊልበርት ዎከር በውቅያኖሶች ላይ ያለው የአየር ግፊት በተራራቁ አገሮች መካከል እየተፈራረቀ ከፍና ዝቅ እንደሚል ካስተዋሉ፣ ያኮብ ብየርክነስም እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን ኤል ኒኞ ከተባለው የሰላማዊ ውቅያኖስ መሞቅ ጋር ካገናኙት በኋላ፣ ውቅያኖሱ ሲሞቅ የኢትዮጵያ ክረምት ብዙ ጊዜ እንደሚሳሳ ተረጋገጠ። የ2007 ዓ.ም. ክረምት በብርቱ ኤል ኒኞ ሲከሽፍ፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ ፈላጊ ሆኖ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት፣ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የወቅት ትንበያ ማውጣት ያዘ፤ ዘዴውም የያዝነው ዓመት የውቅያኖስ ጠባይ ካለፉት ዓመታት ማንኛውን እንደሚመስል መርምሮ፣ የዚያን ዓመት ዝናብ ለመጪው ክረምት አብነት ማድረግ ነበር። ዶክተር ዘውዱ ሰገሌ ከፒተር ላም ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት የክረምቱን መግቢያና መውጫ፣ በመካከሉም የሚገባውን የደረቅ ቀናት ብዛት ከየጣቢያው መዝገብ አወጡ፤ ይህም ለገበሬው ከጠቅላላው የዝናብ መጠን የበለጠ የሚረባ ነው፣ እህል የሚሞተው በድምሩ ማነስ ሳይሆን በመካከል በሚገቡ ሁለት ደረቅ ሳምንታት ነውና። ዶክተር ድሪባ ቆሪቻ ከአንቶኒ ባርንስተን ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ደግሞ የክረምቱ ዋና ገዥ ኤል ኒኞ መሆኑን አጽንተው፣ ይህ የውቅያኖስ ጠባይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ፈጥኖ ስለሚለዋወጥ፣ እምነት የሚጣልበት ትንበያ የሚገኘው ክረምቱ ሲቃረብ ብቻ መሆኑን አሳዩ። የነገሩ ምሬት እዚህ ላይ ነው፤ ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ማሽላና በቆሎ የሚዘራው በሚያዝያ በመሆኑ፣ ገበሬው ማሽላ ልዝራ ወይስ ጤፍን ልጠብቅ ብሎ በሚወስንበት ሰዓት ሊቁ በቂ መልስ የለውም።

የዓለምን አየር በሙሉ በኮምፒዩተር የሚያሰሉት ታላላቅ ሞዴሎችም በእኛ ደጋ ላይ ይደክማሉ፤ ምድርን በአራት ማዕዘን ክፍሎች ከፍለው ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ከፍታና አንድ ዝናብ ስለሚሰጡ ነው። ለአፍሪካ በተለይ ከተዘጋጁት የአካባቢ ሞዴሎች የብዙዎቹ ክፍል ጎን ወደ 50 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ፣ 527 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነችው አዲስ አበባ ሙሉ በሙሉ በአንዱ ክፍል ውስጥ ልትገባ ትችላለች። በእውነቱ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ሜዳ ድረስ ምድሪቱ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ትወርዳለች፣ ዝናቡም ከላይ በርትቶ ወደ ታች ይሳሳል። በከተማው ደቡብ ምዕራብ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከመካኒሳ እስከ ለቡና ጀሞ የሚኖር ሰው ይህን በዓይኑ ያያል፤ በደጁ ካፊያ ብቻ ሳለ፣ ከምዕራብና ከሰሜን ተራሮች የሚወርደው ትንሹ አቃቂ ወንዝ ደፍርሶና ሞልቶ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይጋልባል። በከተማው ሁሉ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከ500 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ ውኃ መሆኑን ያሰበ፣ ሞዴሉ በጥቂት ሚሊ ሜትር መሳቱ በወንዝ ዳር ለሚኖረው ምን ማለት እንደ ሆነ ይረዳል።

ስለዚህ የማናቸውም ሞዴል ፈራጅ በምድር ላይ የቆመው የዝናብ መለኪያ ነው። ይልማ ስለሺና ኡልሪሽ ዛንከ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 2002 ያለውን መዝገብ መርምረው፣ በመካከለኛው፣ በሰሜንና በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የዓመቱም የክረምቱም ዝናብ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ለውጥ እንዳላሳየ፣ በምሥራቅ፣ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ግን እንደ ቀነሰ የተናገሩት በዚህ መለኪያ ነው። ዶክተር ቱፋ ድንቁም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ከአገር ቤት ባለሙያዎች ጋር፣ የጣቢያዎቹን መዝገብ ሳተላይት ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከታዘበው ጋር በማዋሐድ ጣቢያ ለሌለው ወረዳ ሁሉ የዝናብ ታሪክ አዘጋጁ፤ ይህ ሥራ በኢትዮጵያ ተጀምሮ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተዛምቷል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ለአገሪቱ ከአዲስ ሞዴል ይልቅ የሚበልጥ ጥቅም የሰጣት ይኸው ነው። ሳተላይቱ ግን የደመናውን ራስ ሙቀት ያያል እንጂ የወረደውን ጠብታ አይቆጥርምና፣ ያለ ምድር መለኪያ ምስክርነቱ ሙሉ አይሆንም።

ስለሆነም በትምህርት ቤት፣ በእርሻ ጣቢያ ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የዝናብ መለኪያ ያለው ሁሉ፣ በዙሪያው የሚተከለውን ዛፍና የሚሠራውን ግንብ ቢያንስ የቁመቱን እጥፍ ያህል እንዲያርቅ፣ ዘወትር ጠዋት በ3 ሰዓት እንዲያነብ፣ ዝናብ ያልጣለበትንም ቀን ባዶ ሳይተው 0 ብሎ እንዲመዘግብ አደራ ሊባል ይገባዋል።