የ48 ፒን ስጦታ

ቃሉ የተወለደው ባርኔጣ ውስጥ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር ሁለት ሰዎች ንብረት ሊለዋወጡ ሲሹ ዳኛ ይሰይሙ ነበር። ዳኛው የሁለቱን ዕቃ ዋጋ መዝኖ፣ ያነሰ ዕቃ የያዘው ምን ያህል ገንዘብ መጨመር እንዳለበት ይናገራል። ተለዋዋጮቹም እጃቸውን ባርኔጣ ውስጥ ይከታሉ፤ ሲያወጡት ገንዘብ የጨበጠ እጅ «ተስማምቻለሁ»፣ ባዶ እጅ «አልተስማማሁም» ማለት ነው። «እጅ በባርኔጣ» የሚለው አነጋገር ውሎ አድሮ «ሃንዲካፕ» ሆነ። ሳሙኤል ፒፕስ እ.ኤ.አ. በ1660 በዕለት ማስታወሻው ይህን ጨዋታ ያነሣዋል፤ ለእርሱም አዲስ ነበር። ኋላ ቃሉ ወደ ፈረስ እሽቅድምድም ተሻገረና ፈጣኑ ፈረስ ተጨማሪ ክብደት እንዲሸከም የሚያዝ ሥርዓት መጠሪያ ሆነ። እንግዲህ ከመነሻው ቃሉ ሁለት ነገሮችን ይዟል፤ የመዛኙን ዳኝነትና የተመዛኞቹን ፈቃድ። ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን።

ይህ አሳብ እንደ አሜሪካ የቦውሊንግ ሊጎች ሥር የሰደደበት ስፍራ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 የአሜሪካ ቦውሊንግ ኮንግረስ በኒው ዮርክ ሲመሠረት ዋና ሥራው ደንብን አንድ ማድረግ ነበር፤ ከዚያ በፊት ከከተማ ከተማ ደንቡ ይለያይ ነበርና። ደንቡ አንድ ሲሆን የአንዱ አዳራሽ ነጥብ ከሌላው ጋር የሚነጻጸር ሆነ። ስለዚህም የእያንዳንዱ ተጫዋች አማካይ ነጥብ እንደ መታወቂያ ወረቀት አብሮት የሚዞር ነገር ሆነ። ማካካሻው የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ጨዋታውን ላላየ አንባቢ፦ ዐሥር ፒኖች በመስመሩ ጫፍ ይቆማሉ፤ ተጫዋቹ ከባድ ኳስ አንከባሎ በዐሥር ዙር ይጥላቸዋል። ፍጹም ነጥብ 300 ነው። አሁን ሁለት ሰዎችን እናስብ። የአንዱ አማካይ 190፣ የሌላው 140 ነው። ሊጉ መነሻውን 200፣ መቶኛውን 80 አድርጎ ወስኗል። ደካማው ከ200 በ60 ይጎድላል፤ የ60 ሰማንያ በመቶ 48 ፒን ይሰጠዋል። ብርቱው በ10 ይጎድላልና 8 ፒን ያገኛል። በመካከላቸው የነበረው የ50 ፒን ልዩነት ወደ 10 ወረደ። ነገር ግን አልጠፋም። በአንድ ምሽት ሦስት ጨዋታ የሚጫወቱ ከሆነ ብርቱው ገና ኳስ ሳያነሣ በ30 ፒን ይመራል።

ክርክሩ የሚነሣው በእነዚያ 10 ፒኖች ላይ ነው። ብርቱው «ይህን አማካይ ያገኘሁት በዓመታት ልምምድ ነው፤ ድካሜን በቁጥር ሰርዛችሁ ከትናንት ጀማሪ ጋር ለምን ታስተካክሉኛላችሁ?» ይላል። ደካማውም መልስ አያጣም፦ «በየሳምንቱ የምንከፍለው መዋጮ እኩል ነው፤ የዓመቱ መጨረሻ ሽልማት የሚከፈለውም ከዚያው ነው። ማሸነፍ ካልቻልሁ ገንዘቤን ለአንተ ስገብር ከረምሁ ማለት ነው።» እኔ የሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያሳምነኛል። ሆኖም መቶ በመቶ ይካካስ ማለትም የራሱ ችግር አለው። አማካይ የትናንት መዝገብ ነው። ጀማሪ በአንድ ወቅት ውስጥ ብዙ ሊሻሻል ይችላል፤ ማካካሻው ግን ወደ ኋላ እየጎተተ ይከተለዋል። ባለ 190ው ከዚህ በኋላ የሚያድገው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ 90 በመቶ የሚሉት ሊጎች ስስታሞች ብቻ አይደሉም፤ ይህን መዘግየት የተረዱም ይኖሩባቸዋል።

መነሻው ቁጥርም ቀላል ነገር አይደለም። መነሻው 200 በሆነበት ሊግ 215 የሚያመጣ ሰው ቢገባ፣ ከ200 በላይ ያለው 15 ፒን በሒሳቡ አይታይም፤ ብልጫው ሳይነካ ይቀርለታል። አዳዲስ የኳስ ሽፋኖችና ለተጫዋቹ የሚያደላ የመስመር ዘይት አቀባብ አማካዮችን ከፍ ሲያደርጉ ብዙ ሊጎች መነሻቸውን ወደ 220ና ከዚያ በላይ ያነሡት ለዚህ ነው።

ሌላም ደዌ አለ። በወቅቱ መጀመሪያ ሆን ብሎ አሳንሶ የሚጫወት፣ አማካዩ ሲወርድና ማካካሻው ሲያብጥ ግን ድንገት ጎበዝ የሚሆን ሰው። ደንቡ ይከለክለዋል፤ ቅጣትም አለው። ነገር ግን የክንድ ስንፍናንና የልብ ተንኮልን የሚለይ ሚዛን ማን አለው? ባለፈው ሳምንት መጥፎ ምሽት ያሳለፈ ቅን ሰው ሁሉ በሐሜት ይጠረጠራል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ መራቀቅ በማን መካከል ነበር? ለአንድ ፒን ክፍልፋይ የሚጨነቀው ይኸው ኮንግረስ እስከ 1950 ድረስ በሕገ ደንቡ አባልነትን ለነጭ ወንዶች ብቻ የፈቀደ ነበር። ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1916 በሴንት ሉዊስ የራሳቸውን ኮንግረስ አቋቋሙ። ጥቁር ተጫዋቾችም በ1939 በዲትሮይት የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር መሠረቱ። ከአባልነት የታገደ ሰው አማካይ በመዝገቡ አይጻፍም፤ አማካይ የሌለው ደግሞ ማካካሻ የለውም። የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ጉዳዩን አንሥቶ ዘመቻ አደረገ፤ የጃፓን ትውልድ ያላቸው አሜሪካውያንም አብረው ታገሉ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። አንቀጹ በ1950 ተሰረዘ።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ1951፣ የኮንግረሱ ታላቅ ውድድር በሚኒሶታዋ ሴንት ፖል ተካሄደ። ከዲትሮይት የመጣ የጥቁር ተጫዋቾች ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ በመስመሩ ላይ ቆመ። ያ ውድድር ማካካሻ አልነበረውም፤ የጣሉት ፒን ብቻ ተቆጠረላቸው።