ከደም ጠብታ እስከ መዝገብ፦ የሕክምና መሣሪያ ምዝገባ ታሪክ ከፎገራ ሜዳ ሲታይ

ቁሐር ሚካኤል ከወረታ ከተማ አቅራቢያ በፎገራ ሜዳ ላይ የሚገኝ ሩዝ አብቃይ ቀበሌ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ለሩዙ ውኃና ደለል ይተዋሉ፤ ውኃው ሲሸሽ በሚቀረው ኩሬ ደግሞ የወባ ትንኝ ይራባበታል። በዚህ የተነሣ በአካባቢው ትኩሳት የያዘው ሰው አስቀድሞ የሚጠረጠረው በወባ ሲሆን፣ ይህ ከረጅም ልምድ የመጣ ጥርጣሬ በ1997 ዓ.ም. ሌላ በሽታ ሸፍኖ አቆየ።

በዚያ ዓመት በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ትኩሳት ለሳምንታት የማይለቃቸው፣ የወባ መድኃኒት ወስደው የማይሻላቸው፣ ሰውነታቸው እየመነመነ ጣፊያቸው የሚያብጥ ሕሙማን በዝተው ነበር። በኋላ እንደተረጋገጠው በሽታው ካላዛር፣ ማለትም ሊሽማንያ የተባለ ጥገኛ ተሐዋስ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ወደ ሰው ገብቶ ጣፊያን፣ ጉበትንና መቅኒን የሚያጠቃበት ሕመም ነበር። ካላዛር በሰሜን ምዕራብ የሚታወቀው በመተማና በሑመራ ቆላ፣ ለአረምና ለአጨዳ ወደዚያ በሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ላይ ስለነበር፣ ከጣና በስተምሥራቅ ይነሣል ተብሎ አልተጠበቀም። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአዲስ ዘመን ከተማ ሕክምና ሲጀምር ምርመራው ከተደገፈባቸው መሣሪያዎች አንዱ አር.ኬ.39 የተባለው ፈጣን መመርመሪያ ነው።

ይህ መሣሪያ ከጣት የማይበልጥ የወረቀት ስትሪፕ ነው። የደም ወይም የሴረም ጠብታ ይደረግበትና ማሟሟቂያው ፈሳሽ ይጨመርበታል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ሁለት ቀይ መስመር ከታየ በደሙ ውስጥ ተሐዋሱን የሚቃወም አንቲቦዲ አለ፣ አንድ መስመር ብቻ ከታየ የለም ተብሎ ይነበባል። ሆኖም በሕንድ እጅግ አስተማማኝ ሆኖ የተገኘው ይኸው ስትሪፕ በምሥራቅ አፍሪካ ከሕሙማኑ መካከል ከፊሉን ሳያሳይ እንደሚያልፍ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። ለዚህ ከተሰጡት ምክንያቶች ዋናው የሁለቱ አካባቢዎች ተሐዋሲያን በዘረመል መለያየታቸውና የምሥራቅ አፍሪካ ሕሙማን የሚያመነጩት አንቲቦዲ ዝቅተኛ መሆኑ ነው። ስለዚህ የአንድ መሣሪያ ማንነት በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ስም ይሰፋል፤ የት አገር፣ በየትኛው ሕመምተኛ ላይ እንደተፈተነም የማንነቱ ክፍል ነው።

ይህን ማንነት በመዝገብ የሚያስይዘው የኢትዮጵያ ሕግ ግን የሕክምና መሣሪያን ራሱን የቻለ ነገር አድርጎ ለማየት ጊዜ ወስዶበታል። በ1956 ዓ.ም. የወጣው የፋርማሲ ደንብ ዋና ጉዳዩ መድኃኒትና መድኃኒት ቤት ነበር። አዋጅ ቁጥር 176/1991 የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ አዋጅ ቁጥር 661/2002 ቁጥጥሩን ወደ ምግብና ወደ ጤና ክብካቤ አሰፋ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ዛሬ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚሠራበትን ሥርዓት ደነገገ። ምዝገባ ማለት አምራቹ ወይም ወኪሉ ስለ መሣሪያው ጥራት፣ ደኅንነትና ውጤታማነት ማስረጃ አቅርቦ፣ ማስረጃው ከተመረመረ በኋላ መሣሪያው ወደ አገር እንዲገባ መፍቀድ ነው። በወረቀት ፋይል ይከናወን የነበረው ይህ ሥራ ኋላ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ተሸጋግሯል።

መዝገብ ለሕዝብ ክፍት መሆኑና ሰው የሚፈልገውን ከውስጡ ማግኘቱ ግን ለየቅል ናቸው። አንዱ ስትሪፕ በንግድ ስሙ፣ በሚመረምረው በሽታ ወይም በአምራቹ ስም ሊመዘገብ ይችላል፤ ፈላጊው ከሦስቱ የትኛው እንደተያዘ ካላወቀ፣ ወይም በእንግሊዝኛው አጻጻፍ አንድ ፊደል ካሳተ፣ ያለው ነገር የሌለ ይመስላል። ቁሐር ራሱ በላቲን ፊደል በ«ኪው»ም በ«ኬ»ም ስለሚጻፍ፣ የቀበሌውን መረጃ የሚሻ ሰው ሁለቱንም መሞከር እንደሚኖርበት ሁሉ ማለት ነው። ችግሩ የሀብታም አገሮችም ነው። የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር በመሣሪያ ደረሱ የተባሉ ጉዳቶችን ሪፖርት በሚያቀርብበት ማውድ በተባለው ቋት ውስጥ አንድ ፍለጋ ከ500 በላይ ውጤት አያሳይም፤ በትክክል ለመፈለግም ለእያንዳንዱ የመሣሪያ ዓይነት የተሰጠውን ባለሦስት ፊደል መለያ ማወቅ ይጠቅማል። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ በዚያው አገር የወጣው ደንብ በየማሸጊያው ላይ ልዩ መለያ ቁጥር እንዲታተም ያዘዘው መሣሪያን በስም ብቻ መከታተል ስላላዋጣ ነው። ቁጥሩ የታተመው በካርቶኑ ላይ ብቻ ከሆነ ግን፣ ካርቶኑ ከተጣለና ስትሪፖቹ ብቻ ከቀሩ ፍለጋው ገና ሳይጀመር ይቆማል።

ከዚህም የከበደው ትክክለኛ መሣሪያ በትክክለኛ ስም ተመዝግቦ ሳለ በሽታው ሲለወጥ ነው። በጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዓመታት ሲጠቀሙባቸው ከቆዩት የወባ መመርመሪያዎች ብዙዎቹ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሐዋስ የሚያመነጨውን ኤች.አር.ፒ.2 የተባለ ፕሮቲን የሚፈልጉ ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. ገደማ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ የድንበር አካባቢዎች በ12,572 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋባቸው ተሐዋሲያን በመኖራቸው መመርመሪያው ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶ ያህሉን ሊስት እንደሚችል ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው እንዲቀየር የሚመክረው በዚህ ምክንያት የሚያመልጠው ከ5 በመቶ ሲበልጥ ነው። መሣሪያው አልተበላሸም፣ ፈቃዱም አልተሰረዘም፤ የተለወጠው የሚፈልገው ተሐዋስ ነው፤ ይህ ደግሞ ከምዝገባ ቁጥሩ ጎን ካልተጻፈ በፎገራ ያለው ጤና ባለሙያ ሊያውቀው የሚችልበት መንገድ ጠባብ ነው።

በካላዛር በኩል ክፍተቱ እስካሁን የሚሸፈነው በሐኪም ጥርጣሬ ነው፤ ስትሪፑ አንድ መስመር ብቻ ቢያሳይም ጣፊያው ያበጠና ትኩሳቱ የዘለቀ ሕመምተኛ ለተጨማሪ ምርመራ ይላካል፤ በዚያም ከጣፊያው ወይም ከመቅኒው ናሙና በመርፌ ተወስዶ ተሐዋሱ በማይክሮስኮፕ ይፈለጋል።