ከንፈር ብቻ ይበቃችኋል ተባሉ

በ2012 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ያለ ማስክ ታክሲ በማይገባበት ሰሞን። ፋርማሲ ተሰልፌ ከፊቴ ያለው ልጅ ጆሮውን እያሳየ ራሱን ይነቀንቃል። ባለሙያዋ ቀስ ብላ ያወራች መስሏት ነው መሰለኝ ድምጿን ከፍ አደረገች። አሁንም ጆሮውን አሳያት፤ አሁንም ጮኸች። ለእሱ የሚታየው ከፍ ዝቅ የሚል ጨርቅ ብቻ ነው። በመጨረሻ ካርቶኑ ላይ «በቀን 3 ጊዜ» ብላ ጻፈችለት። ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ግን አልጻፈችም።

ያኔ ጥፋቱን ሁሉ ለማስኩ ሰጥቼው ነበር። በኋላ ሳነብ ነገሩ ከኮቪድ 140 ዓመት በፊት፣ ጣሊያን ውስጥ የተጀመረ ሆኖ አገኘሁት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ አቤ ደ ሌፔ የተባሉ ቄስ መስማት የተሳናቸውን ልጆች በምልክት ያስተምሩ ነበር። ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣው ሎሮን ክሌርክ፣ እሱ ራሱ የማይሰማ፣ አሜሪካ ተሻግሮ በ1817 ሃርትፎርድ ውስጥ ከቶማስ ጋላውዴት ጋር ትምህርት ቤት ከፈተ። ነገሩ መልካም እየሄደ ሳለ በመስከረም 1880 የመምህራን ጉባኤ ሚላን ላይ ተሰበሰበና ልጆቹ በንግግርና በከንፈር ንባብ ይማሩ፣ ምልክት ይቅር ብሎ ወሰነ። ከ160 በላይ ከነበሩት ተሰብሳቢዎች መስማት የተሳነው 1 ሰው ብቻ ነበር። (ስለ ሴቶች ጉዳይ ወንዶች ብቻ የተቀመጡበት ስብሰባ አይታችሁ አታውቁም? እንደዚያ ነው።)

እናላችሁ፣ ውሳኔው ወረቀት ላይ አልቀረም። በአውሮፓና በአሜሪካ ልጆች ክፍል ውስጥ እጃቸው ላይ እንዲቀመጡ ተደረገ፤ በምልክት ሲያወሩ የተያዙ ተቀጡ፤ የማይሰሙ መምህራን ከሥራ ወጡ። የስልኩ ሰው ግራሃም ቤል እንኳ፣ እናቱ የመስማት ችግር ያለባት፣ ሚስቱም ጭራሽ የማትሰማ ሆና ሳለ፣ የዚህ አስተሳሰብ ዋና ጠበቃ ነበር።

ለመሆኑ ከንፈር ምን ያህል ይነበባል? እስቲ መስታወት ፊት ቁሙና ድምፅ ሳታወጡ «በራ» በሉ፤ ቀጥሎ «መራ»። ልዩነት አያችሁ? ከ፣ ገ እና ቀ ደግሞ የሚወጡት ከአፍ በስተኋላ ስለሆነ ከንፈር ላይ አይታዩም። አንባቢው ብዙውን የሚሞላው በግምት ነው። «ይህ ይበቃችኋል» ተብሎ የተሰጣቸው ይኸው ነበር፤ በ2020 አንድ መዳፍ የምታክል ጨርቅ እሱንም ሸፈነችው።

ምልክት የሚችለውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተረፈም። ዊልያም ስቶኪ የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሥርዓት ያለው ቋንቋ መሆኑን በ1960 ካሳየ ወዲህ፣ ሰዋስዉ እጅ ላይ ብቻ ሳይሆን ፊትም ላይ እንዳለ ታውቋል። በዚያ ቋንቋ «ዘገየ» እና «ገና ነው» በአንድ ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴ ይነገራሉ፤ የሚለያቸው ምላስ ብቅ ማለቱ ነው። ቅንድብ እንኳ ከማስኩ በላይ ስለሆነ ጥያቄ መጠየቁ ይታወቃል። ምላሱ ግን ተሸፈነ። አፉ ጋ ግልጽ ፕላስቲክ ያለው ማስክም ተሠርቷል፤ እሱም በትንፋሽ ይደበዝዛል።

ያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ በ2010 ቫንኩቨር ላይ ተሰብስቦ የሚላኑን ውሳኔ እንደማይቀበልና እንደሚጸጸት ተናገረ። 130 ዓመት ፈጀበት። ፋርማሲው ባንኮኒ ላይ ግን እስክሪብቶው ከመጀመሪያውም ነበረ።