ሳይሞቱ መቀበር

ስትሮክ ሲባል ማን ይታያችኋል? ብዙዎቻችን የምናስበው ጋቢ የደረበ፣ ከዘራ የያዘ አረጋዊ ነው። ታሪካችንም ከዚህ ሐሳብ አያላቅቀንም። ከኢትዮጵያ ታሪክ ስትሮክን የምናውቀው በዳግማዊ ምኒልክ ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1902 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ክፉኛ ሲመቱ ዕድሜያቸው 65 ነበር። እናም በሽታው የአያቶቻችን እንጂ የእኛ አይመስለንም።

ነው እንዴ? የጥንት ግሪኮች ይህን ሕመም «ተመትቶ መውደቅ» የሚል ትርጉም ባለው ቃል ይጠሩት ነበር። እኛም የአንድ ሰው አፍ ድንገት ሲጣመም «መጋኛ መታው» እንላለን። በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት ጥንታዊ የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ሕመሙ በብዛት የሚይዘው ከ40 እስከ 60 ዓመት ያለውን ሰው ነው ተብሏል። ዛሬም ቢሆን በስትሮክ ከሚመቱት መካከል ከመቶ ከ10 እስከ 15 ያህሉ ከ50 ዓመት በታች ናቸው። አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ከሀብታም አገሮች ቀደም ባለ ዕድሜ ይመጣል። ያልታከመ የደም ግፊት አለ፤ በልጅነት ችላ የተባለ የቶንሲል ሕመም የሚያስከትለው የልብ በሽታም አለ። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛም ነው።

ላወራችሁ የፈለግኩት ግን ስለ ደም ሥር አይደለም። ገና በሥራና በትዳር ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ተመትቶ ሲተርፍ ስለሚገጥመው ሌላ ነገር ነው። እሱ በሕይወት አለ፤ ሰዎች ግን ቀብረውት ወደ ጉዳያቸው ሄደዋል። ሦስት ሰዎችን እንይ።

አንደኛው ስሙ ለአዲስ አበባ ልጅ እንግዳ አይደለም። ጉለሌ በኩል ያለው «ፓስተር» ሰፈር ስሙን ያገኘው በሉዊ ፓስተር ስም ከተሰየመ ተቋም ነው። ይህ ፈረንሳዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1868 ስትሮክ ግራ ጎኑን ሲመታው ገና 45 ዓመቱ ነበር። በዚያው ወቅት ፓሪስ ውስጥ አዲስ ላቦራቶሪ እየተገነባለት ነበር። ኃላፊዎቹ «ይሄ ሰው አይተርፍም» ብለው ይመስላል፣ ግንባታው ቆመ። ፓስተር አእምሮው አልተጎዳምና ይህንን አልጋው ላይ ሆኖ አወቀ። እስቲ አስቡት፤ መሞትህን ካንተ በፊት ግንበኞቹ ሲያውቁት! ወሬው ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ ዘንድ ደርሶ ነው ሥራው የቀጠለው።

ግራ እጁና እግሩ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ እንደተጎዱ ቀሩ። በራሱ እጅ መሥራት ያቃተውን ረዳቶቹ ሠሩለት፤ እሱ አሰበ፣ አዘዘ፣ አስጻፈ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለአንድ ሕፃን ልጅ የተሰጠው በ1885 ነው። ግንበኞቹ መሣሪያቸውን ከሰበሰቡ ከ17 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ሁለተኛዋ አሜሪካዊቷ ተዋናይት ፓትሪሺያ ኒል ናት። በ1964 ኦስካር ተቀበለች። በየካቲት 1965፣ በ39 ዓመቷ፣ ሦስት ልጆች እያሏትና አርግዛ ሳለ አንጎሏ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ሰባት ሰዓት ያህል ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ለሦስት ሳምንት ራሷን ሳታውቅ ቆየች። «ቫራይቲ» የተባለው የፊልም ጋዜጣ ሞተች ብሎ አወጣ። ስትነቃ ቀኝ ጎኗ አይታዘዝም፤ ቃላትም ጠፍተውባታል። ልብ በሉ፣ የጠፋው ቃሉ እንጂ ማሰቡ አይደለም። የምትፈልገውን እያወቀች ስሙን መጥራት አትችልም። ሙያዋ ደግሞ መናገር ነበር።

ባሏ ደራሲው ሮአልድ ዳል ወደ እንግሊዝ አገር መንደራቸው ወሰዳት። በሆስፒታል የምታገኘው ልምምድ አይበቃም ብሎ ጎረቤቶችን በተራ መደበ። በቀን ለሰዓታት እየመጡ ማንበብ፣ መቁጠር፣ መናገር አስተማሯት። ባለሙያዎች አልነበሩም። ከእነሱ አንዷ የነበረችው ቫለሪ ኢተን ግሪፊዝ ልምዱን በ1970 በመጽሐፍ አወጣችው። በኋላም ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች ቤት ለቤት የሚረዱ በጎ ፈቃደኞችን ሥራ በብሪታንያ አስጀመረች። ኒል ጤነኛ ልጅ ወለደች፤ በ1968 ወደ ፊልም ተመለሰች፤ በዚያው ፊልም እንደገና ለኦስካር ታጨች።

ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚያበቃው። ኒል ግን የሕይወት ታሪኳን በ1988 ስታሳትም መራራውንም ክፍል አልደበቀችም። ንዴቱ ነበር፤ ተስፋ መቁረጡ ነበር፤ በገዛ ቤቷ እንደ ልጅ መታዘዙ ነበር። ቤቱን የሚመራው፣ ምን እንደምትለማመድና መቼ ወደ ሥራ እንደምትመለስ የሚወስነው ባሏ ነበር። በ1983 ተፋቱ። በጋዜጣ «ተዓምር» ተብላ የተጻፈላት ሴት ያጣችው እጇን ብቻ አልነበረም፤ የሚስትነትና የእናትነት ቦታዋንም ጭምር እንጂ።

ሦስተኛው ዣን ዶሚኒክ ቦቢ ነው፤ «ኤል» የተባለው የፈረንሳይ መጽሔት ዋና አዘጋጅ። በታኅሣሥ 1995 በ43 ዓመቱ ተመታ። አእምሮው ሙሉ ሆኖ ሰውነቱ ተቆለፈ፤ የሚግባባው በግራ ዓይኑ ሽፋን ብቻ ነበር። ፓሪስ ካፌ ውስጥ «እሱማ አትክልት ሆኗል አሉ» እየተባለ እንደሚወራ ሰማ። ምን አደረገ? ለወዳጆቹ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። ፊደላት በተራ ይነበቡለታል፤ የሚፈልገው ላይ ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍናል። መጽሐፉንም እንዲሁ ፊደል በፊደል አስጻፈው። በመጋቢት 1997 ታትሞ ወጣ፤ እሱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዐረፈ።

ሦስቱም ዝነኞች ነበሩ። አንዱን ንጉሥ፣ አንዷን ጎረቤት፣ አንዱን ፊደል የምታነብለት ታጋሽ ሴት ከመቃብር አፍ መለሱት። ዝና የሌለው ሰውስ?

ከስትሮክ ከሚተርፉ ሦስት ሰዎች አንዱ ገደማ በድብርት ይያዛል። ከፊሉ ከአንጎሉ ጉዳት ይመጣል፤ ከፊሉ ግን ከእኛ ነው። የ30 ዓመት ሰው ሲመታ የሚጠፋው ገና ያልኖረው ነገር ነው። ሥራው በጅምር ነው፣ ልጁ ገና አልተማረም፣ ወይም ቀለበቱ ታስሮ ሠርጉ ይጠበቃል። ቆሞ ሲሄድ ካየነው ደግሞ «ድነሃል እኮ!» እንለዋለን። ድካሙ፣ የሐሳቡ መበታተን፣ ሳይፈልግ ማልቀሱ በዓይን አይታይም። ስንፍና ይመስለናል።

እኛ አገር ጠያቂ አይጠፋም፤ ይህ ትልቅ ሀብታችን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ብርቱካኑ ይከመራል። ግን እስቲ ራሳችንን እንታዘብ። ጓደኛችን ፊት ለፊታችን ተቀምጣ ሳለ እናቷን «ትሰማለች? ትበላለች?» ብለን እንጠይቃለን። ቃል እየፈለገች ስትቸገር ቸኩለን እንጨርስላታለን። በሦስተኛው ወር ደግሞ ቤቱ ጭር ይላል። የኒል ጎረቤቶች የተለዩት ደግ በመሆናቸው አይደለም፤ የእኛም ደግ ነው። የተለዩት በየቀኑ ተራ ይዘው ለወራት በመመላለሳቸው ነው።

የፓስተርን ግንበኞች ለመመለስ የንጉሥ ትእዛዝ አስፈልጎ ነበር። በሦስተኛው ወር የጓደኛን በር ለማንኳኳት፣ ገብቶም እሷን ራሷን «እንዴት ነሽ?» ብሎ መልሱን ሳይቸኩሉ ለመጠበቅ ግን የማንም ትእዛዝ አያስፈልግም።