ስትሮክ፦ ምልክቱ የታየበትን ሰዓት ይያዙ

ስትሮክ የአንጎል የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ በድንገት የሚከሰት ሕመም ነው። በደም ሥር መዘጋት በሚመጣው ስትሮክ፣ ሕክምና ካልተገኘ በየደቂቃው ወደ 1 ነጥብ 9 ሚሊዮን የነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ ይገመታል።

ፊት በአንድ ወገን ይጣመማል፤ አንድ እጅ ወይም እግር ይዝላል፤ አንደበት ይተሳሰራል። ብዙ ጊዜ ሕመም ስለማይሰማ፣ “ለክፎት ነው፤ ትንሽ ይተኛ” እየተባለ ሰዓት ይባክናል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ግን በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያውም በሲቲ ስካን ምርመራ በአንጎል ውስጥ ደም አለመፍሰሱ ሲረጋገጥ። መድኃኒቱ በየሆስፒታሉ ባይገኝም ቶሎ መድረስ ሌላውን ሕክምና ይጠቅማል። ከሐራና ከመርሳ ዙሪያ ቀበሌዎች ተነሥቶ ወልድያ ለመድረስ ደግሞ መንገዱ ራሱ ጊዜ ይወስዳል።

ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሕመሙ ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመረ ነው። መዋጥ ስለሚያስቸግረው ለታማሚው ውኃም ምግብም አይስጡ። አስፕሪንም እንዲሁ፤ ደም እየፈሰሰ ከሆነ ያባብሰዋል። ምልክቱ በደቂቃዎች ቢጠፋም እንኳ ጉዞው አይቅር፤ ከባዱ ስትሮክ ሊከተል ይችላልና።

ዋነኛው አጋላጭ የደም ግፊት ሲሆን፣ ሳያሳምም ለዓመታት ይቆያል። ለገበያ ከተማ የወጣ አርሶ አደር ጤና ጣቢያ ጎራ ብሎ ቢለካ የሚወስድበት ጥቂት ደቂቃ ነው።